ዱላ ይዞ መጣ

ማዓሊን ሮብሌ ማረፉን የነገረችኝ ፋርሂያ ናት። ማክሰኞ ጧት ጅጅጋ፣ ልጄ ቤት ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለሁ ስልክ ደወለች። «አዴር» አለችኝ፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። «ማዓሊን ቱሊ ጉሌድ ላይ አረፈ። ዛሬውኑ ይቀበራል።» በስልኩ ውስጥ አጠገቧ የምታልፍ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማችኝ።

ማዓሊን ማለት አስተማሪ ነው። አዲጋላ አብረን ስንሠራ እሱ አማርኛ ያስተምር ነበር፣ እኔ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበርኩ። ዛሬ በዚያ ባቡር መስመር ባሉ ከተሞች ስሙን ብትጠሩ «ያ ተማሪውን በዱላ መትቶ የገደለው?» ይሏችኋል። እንደዚያ ተብሎ ታሰረ፣ እንደዚያ ተብሎ ተፈታ፣ እንደዚያ እንደተባለ ሞተ። አልመታውም። ይህን አንድ ነገር ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት። በሕይወት ሳለ እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር፤ አሁን መሐላው አብሮት ተቀብሯል ብዬ ይዤዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አዲጋላ የገባሁት በሃያ ዓመቴ ለባቡር ሥራ ነው። ሐዲድ እየተከተልኩ ብሎን ሳጠብቅ ኖርኩ። አሮጌው ባቡር ሲቆም ጣቢያው ቀረ፣ ታንከሩ ቀረ፣ እኔም ቀረሁ። ታንከሩ ያልኩት በእንፋሎት ባቡር ዘመን ውሃ የሚቀዳበት፣ በብረት እግሮች ላይ የቆመ ትልቅ በርሜል ነው። ከሥሩ ድንጋይ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ከጀርባው ስለሆነ የዘበኝነቱን ሥራ ሳገኝ መንገዴ እንኳ አልተለወጠም።

ማዓሊን ሮብሌ አዲጋላ የመጣው ጅጅጋ ላይ ሁከት የነበረበት ያ ክፉ ክረምት ባለፈ በመስከረም ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ሰው። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው ዱላ። የሶማሌ ሰው በዕድሜ ገፋ ሲል ዱላ ይይዛል፣ ለመምታት አይደለም፣ እንደ ሰዓት ነው የሚይዘው። በሩ ላይ ቆሞ፣

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የትምህርት ቤቱ ጠባቂ እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

እውነቴን ነው፣ ወደኋላዬ ዞሬ አየሁ። ‹እርስዎ› የሚባለው ማን እንደሆነ ለማየት ነው። በዚያ ከተማ ሕፃኑም ሽማግሌውም ‹አንተ› ነው የሚለኝ። ክፋት አይደለም፣ የሶማሊኛ ወጉ እንደዚያ ነው። በኋላ ስንግባባ ‹አንተ› በለኝ ብለው እንቢ አለ። «ጋሼ፣ እኛ ‹እርስዎ› የለንም። እኔ ለፍቼ ያገኘሁትን ቃል ልጠቀምበት እንጂ» አለኝ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ንግግሩን ስጽፍ እያስተካከልኩ ነው የምጽፈው። ‹ጤና ይስጥልኝ› ሲል ከአፉ የወጣው ‹ቴና ይስትልኝ› ነው። ሶማሊኛ ‹ጠ› የለውም፣ ሶማሌም ‹ጠ› ሲል ‹ተ› ይሆንበታል። ማዓሊን ሮብሌ የአማርኛ ሰዋስው እኔ ሰምቼው እንኳ የማላውቀውን ያህል ያውቃል፤ ግስ ሲያረባ ቄስ ይመስላል። ‹ጠ› ግን በሃምሳ ዓመቱም አልወጣችለትም። ሐረር የመምህርነት ኮርስ ሲማር፣ ከእረፍት ዘግይቶ ሲመለስ ጓደኞቹ «የት ከርመህ ነው?» ይሉታል። ‹ጠፋሁ› ሊል ፈልጎ «ተፋሁ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ እስኪመረቅ ስሙ ‹ሮብሌ ተፋሁ› ሆኖ ቀረ። ይህን ራሱ እየሳቀ ነው ያወራኝ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

እንግዲህ የማይወጣለትን ፊደል ለልጆች እንዴት ያስተምር? በመጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ መጣና፣

«ጋሼ፣ አፍዎን ያውሱኝ» አለኝ።

«ምኔን?»

«አፍዎን። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ።»

ክፍል ይዞኝ ገባ። በሕይወቴ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ዞሬ ቆሜ አላውቅም። ከሲጋራ ወረቀት ላይ ቀጭን ቁራጭ ቀዶ በክር ከመስኮቱ ብረት አንጠልጥሏል። «ይኸውላችሁ» አላቸው ልጆቹን፣ «‹ተ› ስትሉ ወረቀቱ ይሸሻል። ‹ጠ› ስትሉ ይቆማል። ሰዋስዉን ከእኔ ውሰዱ፣ ድምፁን ከጋሼ ግዛው።» ግዛው የእኔ ስም ነው።

ከኋላ ወንበር ሊባን የሚባል ቀልደኛ ልጅ ተነሳ። የነጋዴው የሐጂ ዋርሳሜ ልጅ ነው።

«ማዓሊን፣ ዘበኛው ዲግሪ አለው እንዴ?»

«ዲግሪ የላቸውም። ‹ጠ› አላቸው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ወረቀቱ ፊት ቆሜ ጠጠር፣ ጣት፣ ጠጣ፣ መጣ አልኩ። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። ማዓሊን ሮብሌ በዱላው ጫፍ ወረቀቱን እያሳየ፣ «አያችሁ? ሰውየው ተናገረ፣ ነፋስ የለም» ይላል፣ እንደ ተአምር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊባን ስሜን ‹አዴር ጠ› አለው፤ በነሱ አፍ ‹አዴር ተ› መሆኑ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በሳምንት አንድ ቀን ቁልፌን ወገቤ ላይ እንዳንጠለጠልኩ እየገባሁ ‹ጠ› አልኩላቸው።

ከትምህርት በኋላ ደግሞ ከአስር ሰዓት ሶላት መልስ፣ ማዊሱን፣ ሽርጡን ማለት ነው፣ ታጥቆ ይመለስና ከዘበኛ ቤቴ ጥላ ሥር ጥቂት ልጆችን ያስጠናል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም። ልጅን ካልያዝከው በረሃው ይይዘዋል ይል ነበር፤ በዚያ መስመር ስንቱ ልጅ ለታህሪብ፣ ለባሕር ስደት፣ ከክፍል ተነስቶ እንደወጣ ቀረ። አንድ የማይሰለቸው አባባል ነበረው። «በሶማሊኛ ትኖራላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ትፈተናላችሁ፣ በአማርኛ ግን አንድ ቀን ትከራከራላችሁ። በሚከራከርበት ቀን ሰውን አፉ አይክዳው።»

ከሁሉ አጥብቆ የያዛት ፋርሂያን ነው። የሊባን አክስት ልጅ ናት፣ እናቷ ሞታባት ሐጂ ዋርሳሜ ቤት ያደገች። አስረኛ ክፍል ሳለች ሐጂ ሊድራት ነበር። ማዓሊን ሮብሌ ሱቁ ደጃፍ ሄዶ ተቀመጠ። አልለመነም፣ አልተቆጣም፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ሲመሽ ይነሳል፣ በማግስቱ ከትምህርት መልስ ይመጣል። በአራተኛው ቀን ሐጂ፣ «ዋርያ፣ ደንበኛዬን አባረርክብኝ እኮ! ወስደህ አስተምራት፣ ከደጄ ብቻ ተነስልኝ» አለው። ይህን የሰማ ሁሉ ሳቀ። ሐጂም ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም ሳቀ።

ፋርሂያ እልኸኛ ነበረች። ሌላው ልጅ ‹ጠ› እንቢ ሲለው ይስቃል፤ እሷ ታለቅሳለች። ወረቀቱ ፊት ቆማ ‹መጣ› ለማለት ‹መታ፣ መታ፣ መታ› እያለች ከንፈሯ ይደርቃል። አንድ ቀን፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ነው፣ ማዓሊን ሶላት ላይ ሳለ ጥላው ሥር ሁለታችን ብቻ ነን። ከቤቴ መስኮት ባንጠለጠልነው ወረቀት ፊት ቆማ ትንፋሿን ውጣ በቀስታ ‹መታ› አለች። ወረቀቱ አልተንቀሳቀሰም። ‹ጠ› ሆኖ አይደለም፤ ነፋሱን አፍናው ነው። እኔ ሰምቻለሁ። እሷም መስማቴን አውቃለች።

«አዴር፣ ዛሬ እንኳ ‹ጠ› ደረሰላት በልልኝ።»

ማዓሊን ሲመለስ «እንዴት ናት?» አለኝ። ፊቷን አየሁት። «ደርሶላታል» አልኩት። እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። አፉን መሸፈን ሁሉ ረሳ።

በዓመቱ ፈተናው አለፈ፣ ውጤት ወጣ የተባለበት ቀን ደረሰ። ውጤት የሚታየው በስልክ ነው፣ አዲጋላ ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ የሚይዘው ታንከሩ አናት ላይ ነው። ከአስር ሰዓት በኋላ ሊባን ወጣ። ፋርሂያ የሁለቱንም የፈተና ቁጥር በወረቀት ይዛ ከሥር ቆማ ታነብለታለች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ማዓሊን ሮብሌ ከመስጊድ ሲመለስ ልጁን አናት ላይ አየው። የታንከሩን ጠርዝ ዝገት በልቶታል፤ እዚያ ማንም እንዳይወጣ በየሳምንቱ ይለፈልፍ ነበር። ዱላውን ከፍ አድርጎ እየሮጠ «ዋርያ ሊባን! ውረድ!» ሲል ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ሊባን ወደ ድምፁ ዞረ። ቀጥሎ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ስደርስ ሊባን ድንጋዩ ላይ ነው። ማዓሊን ተንበርክኮ የልጁን ራስ በማዊሱ ጠቅልሎ ይዟል። ሲወድቅ ያዩት እሱና ፋርሂያ ብቻ ናቸው። በአንድ ነጋዴ ፒካፕ ጭነን ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ወረድን። የከተማውን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የከተማው አይደለምና። ሐኪሞቹ ደም አምጡ አሉ። እኔ ደም ፍለጋ ተላክሁ። ስመለስ ሊባን ሞቷል፣ ማዓሊን ሮብሌ በፖሊስ ተወስዷል።

ያን ጊዜ ምን እንደተባለ አላወቅሁም። ያወቅሁት ልብስ ላደርስለት ጣቢያ ስሄድ ነው። ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ከመሐል አገር የመጣ፣ ትሑት ልጅ ነበር፤ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠኝ።

«አባባ፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን ልጅቷ ራሷ ናት ቃሏን የሰጠችው። አስተርጓሚ ላምጣልሽ አልኳት። ‹አልፈልግም፣ አማርኛ እችላለሁ፣ ማዓሊን አስተምሮኛል› አለችኝ። በኩራት ነው ያለችኝ።»

«ምን ብላ ሰጠች?»

መዝገቡን ገልጦ አነበበልኝ። «መምህሩ ዱላ ይዞ መታ። ሊባን ወደቀ።»

«መጣ ነው የኔ ልጅ! መጣ ልትል ነው!»

«አባባ፣ ጆሮ አለኝ እኮ። ደግሜ አነበብኩላት። ‹ዱላ ይዞ መታ፣ እንደዚህ ነው ያልሽው?› አልኳት። አዎ አለች፣ ፈረመች። እሱም ቃሉን ሲሰጥ ‹እኔ መትቼ ነው የወደቀው› ብሏል። አስተማሪና ተማሪ ተለያይተው ገብተው አንድ ቃል ሰጡኝ። ምን ልጨምርበት?»

ምን ይጨምር? መርማሪው የሰማውን ነው የጻፈው። ማዓሊን ‹መጥቼ› ብሎ ነበር፣ ‹መጥቼ ነው የወደቀው›። ለእሷ ሲነበብላትም ‹ተ› እና ‹ጠ› በጆሮዋ አንድ ናቸውና ያለችውን መልሳ ሰማች።

አዲጋላ ተመልሼ ፋርሂያን ከሐጂ ቤት ጓሮ አገኘኋት። አርባ ቀን ያልሞላው ኀዘን ነው፣ በሹክሹክታ ነው የምናወራው።

«ማዓሊን ምን አደረገ ብለሽ ተናገርሽ?»

«መታ አልኩ።»

«ደግመሽ በይው እስኪ።»

«መታ፣ አዴር። ከሩቅ መታ። እየሮጠ መታ።»

ከሩቅ መታ! የጓሮው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «በሶማሊኛ በይልኝ» አልኳት።

«ዪሚድ።»

ዪሚድ ማለት መጣ ነው። ሶማሊኛዬ የሐዲድና የገበያ ነው፣ ያቺን ያህል ግን አያጣም። የጻፉትን ስነግራት ሁለት እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። እስከዛሬ የማስበው እጇን ነው። አፏን እንደ ሌባ ነው የያዘችው።

በማግስቱ ይዣት ወረድኩ። መጀመሪያ ማዓሊንን እንየው ብለን ወደታሰረበት ሄድን። በሽቦው ማዶ ቆሞ የመጀመሪያ ቃሉ፣ «ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» የሚል ነበር። የተጻፈውን ነገርኩት። ሰማኝ፣ ሰማኝና «ተፋሁ» አለ። ሊስቅ ነበር፣ እጁም ወደ አፉ ተነስቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ መታሁም መጣሁም ለሊባን አንድ ነው።»

«እንዴት አንድ ይሆናል? አንዱ ነፍስ ማጥፋት ነው!»

«ድምፄን ሰምቶ ነው የዞረው። ዱላዬን አይቶ ነው እግሩ የሳተው። ባልመጣ ኖሮ ውጤቱን አይቶ፣ ወርዶ ሻሂ ይጠጣ ነበር።»

ፋርሂያ ከኋላዬ ወጣች። «ማዓሊን፣ አሁን ገብቼ እናገራለሁ። አስተርጓሚ አምጡ እላለሁ። ዪሚድ ነው ያልኩት እላለሁ።»

«ትያለሽ። ከዚያ ‹ፈርመሽ ቃልሽን ለወጥሽ› ይሉሻል። ሐሰተኛ ምስክር ብለው እዚሁ ያስቀሩሻል። የሐጂ ቤት ደግሞ ‹ያሳደግናት ልጅ ደማችንን ሸጠች› ይላል። ዩኒቨርሲቲ የሚጠራሽ መቼ ነው?»

ማለፏን ማንም አልነገረውም፣ እርግጠኛ ሆኖ ነው የጠየቃት፤ እሷም በዚያ ኀዘን መሐል ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሊባን አላለፈም ነበር።

«አልሄድም» አለች።

«አስተማሪሽ ነኝ አይደለሁም?»

«ነህ።»

«በሰጠሁሽ አፍ ነው የተናገርሽው። ተማሪ በአስተማሪው ስህተት አይታሰርም። ሂጂ።»

እኔም አላስችል አለኝ። «ስህተቱ ያንተ አይደለም፣ የእኔ ነው፤ ሳይደርስላት ደርሶላታል ያልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። «ጋሼ» አለ፣ «እኔስ ለራሴ ስንት ጊዜ ደርሷል ብያለሁ?» ከዚያ ሁለታችንንም አስማለን። እሷን በቁርአን፣ እኔን በእመቤቴ። እሱ በሕይወት እስካለ ለማንም እንዳንናገር።

በሶማሌ ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ማዓሊን ሮብሌም ‹የልጁ ሞት በእኔ ነው› ብሎ ላከባቸው። ዕርቁ ተፈጸመ፣ ደሙ ደረቀ፣ በዕርቁም ምክንያት ቅጣቱ ቀለለለት። ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ተፈታ። ትምህርት ቤት ግን ማን ይቀበለዋል? ልጅ የገደለ አስተማሪ። አዲጋላን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ በዚያው ቱሊ ጉሌድ እህቱ ዘንድ ገባ።

እኔም በዚያ ዓመት ጡረታ ወጥቼ ጅጅጋ ልጄ ቤት ስለገባሁ ሄጄ ጠየቅሁት። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ዱላ የለውም፤ ሲነሳ ግድግዳ እየደገፈ ነው። በአማርኛ ሰላም አልኩት፣ በሶማሊኛ መለሰልኝ። ደግሜ በአማርኛ ጠየቅሁት፣ አሁንም በሶማሊኛ። ሰዓቱ ደርሶ ተማሪዎች በአጥሩ አጠገብ እየተንጫጩ ሲያልፉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ድምፃቸው እስኪርቅ አልተመለሰም። ስሰናበተው ብቻ፣ «ጋሼ፣ ‹እርስዎ›ን አጣሁት፣ ይቅር በለኝ» አለኝ። በሶማሊኛ ነው ያለው፣ ‹እርስዎ› የምትለዋ ቃል ብቻ በአማርኛ ነበረች።

ፋርሂያ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ደረሳትና ተማረች። ዘንድሮ ትመረቃለች። አማርኛ ግን ከዚያ ወዲህ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሱቅ ገብታ ባለሱቁ በአማርኛ ቢያናግራት በጣቷ ታሳየዋለች። ከእኔም ጋር በሶማሊኛ ነው።

ማዓሊን በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ለታዕዚያ፣ ለለቅሶ መድረስ ማለት ነው፣ እሷና እኔ በአንድ ሚኒባስ ቱሊ ጉሌድ ሄድን። መንገድ ላይ ነገረችኝ። በተቀበረ ዕለት አዲጋላ ደውላ ለሐጂ ዋርሳሜ ሁሉን ተናግራለች። መሐላዋ አብቅቷልና። ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰማትና «እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው። «ሕዝብ በተሰበሰበበት ሊናገርለት ነው አዴር» አለችኝ። «ሌላ ለምን ይመጣል?» እኔም ሌላ ምክንያት አልታየኝም።

ወንዶች ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶች ቤት ውስጥ ናቸው። ቁርአን ተቀርቶ እንዳበቃ ሐጂ ዋርሳሜ ገባ። አርጅቷል። ያን ሁሉ መንገድ መጥቷልና ሰው ሁሉ ብድግ አለለት። እሱም ቆሞ ተናገረ።

«ይህ ሰው ልጄን መትቶብኝ ነበር። በዕርቁ ቀን ደሙን ተውኩ፣ በልቤ ግን አልተውኩም ነበር። ዛሬ በአላህ ፊት፣ በእናንተም ፊት ይቅር ብዬዋለሁ። ጀነት ይስጠው።»

«ማሻአላህ!» አለ ድንኳኑ። አንዳንዱ አለቀሰ። የማዓሊን እህት ባል ተነስቶ ግንባሩን ሳመው።

ሐጂን ጫማውን ሲፈልግ ከድንኳኑ ጀርባ አገኘሁት። «ሐጂ፣ ልጅቷ አልነገረችህም?»

«ነገረችኝ።»

«ታዲያ?»

ጫማውን አንዱን በእጁ እንደያዘ ቆመ። «ግዛው፣ በዚያ ቀን ድሬዳዋ ነበርኩ። ‹ውጤትህን ዛሬውኑ ሳትነግረኝ እንዳታድር፣ ከየትም ወጥተህ ደውል› ያልኩት እኔ ነኝ። አስተማሪው ካልመታው ማን ገደለው? ለእናቱ ምን ብዬ ልግባላት?»

«ሰውየው ሞቷል እኮ ሐጂ። ስሙ ብቻ ነው የቀረው።»

«አዎ፣ ሞቷል» አለ። «እኔ ግን ነገም ቤቴ እገባለሁ።»

ጫማውን አድርጎ ሄደ። አልተከተልኩትም። ሮጬ ድንኳኑ መሐል ቆሜ ልናገር አስቤ ነበር። ግን አሁን ሰው ሁሉ ስለ ሐጂ ደግነት ነው የሚያወራው፤ እኔ ማን ነኝ? ለእነሱ የባቡር ሠራተኛ የነበረ አንድ አማራ ሽማግሌ ነኝ።

ፋርሂያ ከሴቶቹ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። ሴቶቹ ዘንድ የድንኳኑ ሁካታ እንጂ ቃሉ አልተሰማም። ‹ማሻአላህ› ሲባል ሰምታለች፣ ፊቷ በርቷል።

«ምን አለ?» አለችኝ በሶማሊኛ።

ፊቷን አየሁት። «ይቅር ብዬዋለሁ አለ» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ ድንኳኑ አየች፣ ሐጂ መኪና ሲገባ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በአማርኛ፣

«ለምኑ?» አለችኝ።